መጽሐፉ ከተዘጋ በኋላ አንጎል የሚሠራው ሥራ

ጥያቄ፦ ለፈተና ስዘጋጅ ሁለት ሌሊት ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ። ሌሊት በደንብ የገባኝ ነገር ጠዋት ወረቀቱ ፊቴ ሲቀርብ ብን ብሎ ጠፋ። ጓደኛዬ «አንጎል የሚመዘግበው ስትተኛ ነው» ይለኛል። እንቅልፍ አንጎል የሚያርፍበት ጊዜ አይደለም እንዴ? የአንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ የሚባለውስ ከማስታወስ ጋር ምን ያገናኘዋል? የትምህርቱን ድምፅ ቀድቼ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ብተኛ ይጠቅመኛል? የእጅ ሰዓቴ ደግሞ «ጥልቅ እንቅልፍ 45 ደቂቃ» ይለኛል፤ አያንስም?

ምላሽ፦ ጓደኛዎ እውነቱን ነው፤ ነገሩን ግን በግማሹ ነው የነገረዎት። አንጎል ትምህርትን የሚይዘው በሁለት እርከን ነው። ነቅተው ሳሉ ቶሎ ይጽፋል፤ ያ ጽሑፍ ግን ረቂቅ ስለሆነ በቀላሉ ይፋቃል። ሲተኙ ረቂቁን እየመላለሰ ወደሚጸናበት ቦታ ያሻግረዋል። ሁለት ሌሊት ነቅተው ሲያድሩ ሁለቱንም እርከኖች ነው ያበላሹት። ምክንያቱን ለመረዳት ከኤሌክትሪኩ እንነሳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና።

አንድ የነርቭ ህዋስ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ውስጡ ከውጭው አንጻር በ70 ሚሊቮልት ገደማ ኔጌቲቭ ነው። ከሌሎች ህዋሳት የሚደርሱት ምልክቶች ተደማምረው ይህን ልዩነት ወደ ኔጌቲቭ 55 አካባቢ ሲያመጡት፣ በህዋሱ ሽፋን ላይ ያሉ የሶዲየም በሮች ባንድ ጊዜ ይከፈታሉ። ሶዲየም ይጎርፋል፤ ውስጡ ለቅጽበት ወደ ፖዘቲቭ 30 ወይም 40 ሚሊቮልት ይወጣል። ወዲያው ፖታሺየም ወደ ውጭ ይወጣና ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ ምት፣ ማለትም የህዋሱ መተኮስ፣ የሚያልቀው በ1 ወይም በ2 ሚሊሰከንድ ነው። የአንድ ህዋስ ምት ሁልጊዜ በመጠን ያው ነው፤ ትልቅ ሐሳብ ትልቅ ምት፣ ትንሽ ሐሳብ ትንሽ ምት የለውም። መልእክቱ ያለው የትኛው ህዋስ፣ መቼ፣ በምን ያህል ፍጥነት ተኮሰ በሚለው ላይ ነው።

በጭንቅላት ቆዳ ላይ ሽቦ ተለጥፎ የሚነበበው ኢኢጂ ግን እነዚህን ምቶች አንድ በአንድ አያሳይም። በአንጎል ቅርፊት (በአንጎሉ የውጭ ሽፋን) ውስጥ ጎን ለጎን የተደረደሩ እጅግ ብዙ ህዋሳት አብረው ሲነቃቁና አብረው ሲረጋጉ የሚፈጥሩትን ድምር ነው የሚያሳየው። ያ ድምር የራስ ቅልን አልፎ ሲወጣ ከ10 እስከ 100 ማይክሮቮልት ያህል ይሆናል፤ ማይክሮቮልት የሚሊቮልት አንድ ሺህኛ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን የአንጎል ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ ናቸው) በ1924 ቀድቶ ውጤቱን በ1929 አሳተመ። ህዋሳቱ በየፊናቸው ሲሠሩ፣ ማለትም ነቅተን ስናስብ፣ ሞገዱ ትንንሽና ፈጣን ነው። ባንድነት ሲወዛወዙ ሞገዱ ይገዝፋል፣ ይዘገያልም። ኢኢጂ ላይ ትልቅ ሞገድ መታየቱ ብዙ ማሰብን እንደማያመለክት እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ትልቁ ሞገድ የኅብረት ምልክት ነው።

ታዲያ ትውስታ ኤሌክትሪክ ነው? አይደለም፤ ይህን ማወቅ ለቀሪው ሁሉ ቁልፍ ነው። በአንዳንድ የልብና የትልልቅ ደም ሥር ቀዶ ሕክምናዎች የታካሚው ሰውነት ወደ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ እንዲቀዘቅዝ ይደረግና የአንጎሉ ኢኢጂ ጸጥ ይላል። ታካሚው ሞቆ ሲነቃ ግን ስሙን፣ ልጆቹን፣ ሙያውን ያውቃል። የኤሌክትሪኩ እንቅስቃሴ ሲቆም ያልጠፋው ነገር በህዋሳት መካከል ባሉት መገናኛዎች፣ በሲናፕሶች ጥንካሬ፣ የተቀመጠው ነው። ኤሌክትሪኩ ብዕሩ ነው፤ ሲናፕሱ ወረቀቱ።

ብዕሩ እንዴት ይጽፋል? አንዱ ህዋስ ሲተኩስ ከጫፉ ግሉታሜት የተባለ ኬሚካል ወደ ቀጣዩ ህዋስ ይረጫል። ተቀባዩ ላይ ሁለት ዓይነት በሮች አሉ። አንደኛው፣ አምፓ የሚባለው፣ ግሉታሜት እንደነካው ይከፈታል። ሁለተኛው ኤንኤምዲኤ ይባላል፤ ይህኛው ደጃፉ ላይ የማግኒዥየም ውታፍ ተሰክቶበታል። ውታፉ የሚነቀለው ተቀባዩ ህዋስ ራሱ በዚያው ቅጽበት ተነቃቅቶ ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ይህ በር የሚከፈተው ላኪውና ተቀባዩ ሲገጣጠሙ ነው። ሲከፈት ካልሲየም ይገባል፤ ካልሲየሙ ሌሎች ፕሮቲኖችን ያስነሳና ተጨማሪ የአምፓ በሮች ወደ ሲናፕሱ እንዲመጡ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ያው ምልክት ሲመጣ ምላሹ የበረታ ይሆናል። ቲሞቲ ብሊስና ቴሪየ ሎሞ በ1973 በጥንቸል ሂፖካምፐስ ላይ ይህን ረጅም ጊዜ የሚቆይ መጠንከር አሳይተዋል። ለውጡ ከጥቂት ሰዓታት አልፎ ለቀናት እንዲዘልቅ ህዋሱ አዲስ ፕሮቲን መሥራት አለበት፤ ያ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ጥናት ላይ ችኮላ ገደብ ያለው አንዱ ምክንያት እዚህ አለ።

ሂፖካምፐስን ጠቅሻለሁና ስለሱ ልጨምር። በጆሮ ግንድ በኩል ወደ ውስጥ ጠልቆ፣ በግራም በቀኝም የሚገኝ ጠማማ የአንጎል ክፍል ነው። ሥራው ምን እንደሆነ ዓለም የተረዳው በአንድ ሰው ጉዳት ነው። ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ የሚጥል በሽታው ስለጠናበት በ1953 የሁለቱም ወገን ሂፖካምፐሱ ሰፊ ክፍል በቀዶ ሕክምና ወጣለት። መናገር፣ ማሰብ፣ የልጅነቱን ነገር መተረክ ይችላል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚያገኘውን ሰው ግን ትንሽ ቆይቶ እንደ አዲስ ይተዋወቀዋል። ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር የኮከብ ቅርጽን በመስታወት እያየ እንዲስል ስታለማምደው ደግሞ በየቀኑ እየተሻሻለ ሄደ፤ ከዚህ በፊት መለማመዱን ግን አያስታውስም። ከዚህ ሁለት ነገር ተገኘ። ሂፖካምፐስ አዲስ ነገርን መያዣ እንጂ የመጨረሻው ማከማቻ አይደለም፤ የቆየው ትውስታ በአንጎል ቅርፊት ላይ ተሰራጭቶ ይቀመጣል። የእጅ ልምድ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ይሆናል፦ ረቂቁ ከሂፖካምፐስ ወደ ቅርፊቱ የሚሻገረው መቼ ነው? እዚህ ላይ ነው እንቅልፍ የሚመጣው።

እንቅልፍ አንድ ወጥ ነገር አይደለም። ከሸለብታው ቀጥሎ የሚመጣው ሁለተኛው ደረጃ የሌሊቱን ግማሽ ያህል የሚይዝ ነው። በዚህ ደረጃ ኢኢጂ ላይ በሰከንድ ከ11 እስከ 16 ጊዜ የሚርገበገቡ፣ ግማሽ ሰከንድ ወይም ትንሽ በለጥ የሚሉ ብልጭታዎች ይታያሉ። ቅርጻቸው መሃሉ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ቀጠን ያለ ስለሆነ የእንቅልፍ እንዝርት ይባላሉ። የሚነሱት ታላመስ ከተባለው፣ በአንጎል መሃል ካለው ክፍል ነው። ቀጥሎ ጥልቁ እንቅልፍ ይመጣል፤ የቅርፊቱ ህዋሳት አብረው ጸጥ ይላሉ፣ አብረው ይነሳሉ፣ እንደገና ጸጥ ይላሉ። ይህ በሰከንድ አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ ፍጥነት የሚመላለስ ታላቅ ሞገድ ነው። በመጨረሻ ሪም የሚባለው፣ ዓይን ከሽፋሽፍት ሥር የሚቅበዘበዝበትና ሕልም የሚበዛበት እንቅልፍ ይመጣል፤ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን በ1953 ነው ያስተዋወቁት። ሪም ላይ ኢኢጂው የነቃ ሰው ይመስላል፤ አንጎሉም የሚያርፍ አይመስልም። አንዱ ዙር 90 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል፤ በየሰዉና በየዙሩ ግን ይለያያል።

ዋናው ሥራ ያለው በጥልቁ እንቅልፍና በእንዝርቶቹ ቅንጅት ነው። ዘገምተኛው ሞገድ ህዋሳቱን ሲያነሳ፣ በዚያው መነሳት ላይ የታላመሱ እንዝርት ይደርሳል። በእንዝርቱ ርግብግቢት ውስጥ ደግሞ ሂፖካምፐስ እጅግ ፈጣን፣ በሰው ላይ በሰከንድ 80 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚንቀጠቀጥ አጭር ሞገድ ይለቃል። ያ አጭር ሞገድ ቀን የተማሩትን የሚደግም ነው። ማቲው ዊልሰንና ብሩስ ማክኖተን በ1994 አይጦች ቀን ሲዘዋወሩ አብረው የተኮሱት የሂፖካምፐስ ህዋሳት ከዚያ በኋላ በነበረው እንቅልፍም አብረው የመተኮስ ዝንባሌ እንዳላቸው አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ ምርምሮች ድግግሞሹ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ፣ ከቀኑ ይልቅ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ እንደሚካሄድ ታይቷል። በዚህ ሰዓት አሴቲልኮሊን የተባለው ኬሚካል በአንጎል ውስጥ ዝቅ ይላል። ነቅተን ሳለን ኬሚካሉ ከፍ ብሎ መረጃ ከውጭ ወደ ሂፖካምፐስ እንዲገባ ያመቻቻል፤ ዝቅ ሲል መንገዱ ከሂፖካምፐስ ወደ ቅርፊቱ ይከፈታል። መግቢያውና መውጫው ባንድ ጊዜ በደንብ አይሠሩም። ነቅቶ በመቆየት የእንቅልፍን ሥራ መተካት የማይቻለው በዚህ ነው።

ሌላም ሥራ አለ። ጁሊዮ ቶኖኒና ኪያራ ቺሬሊ ያቀረቡት ሐሳብ እንደሚለው ቀኑን ሙሉ ብዙ ሲናፕሶች እየጠነከሩ ይሄዳሉ፤ ይህ ጉልበትም ቦታም ይፈጃል። ጥልቁ እንቅልፍ በጥቅሉ ያለዝባቸዋል፤ የጠነከሩት ይተርፋሉ፣ ደካሞቹ ይከስማሉ። ዝርዝሩ ላይ ክርክር ቢኖርም በእንስሳት ላይ የሚደግፉት ማስረጃዎች አሉ። የሪም ድርሻም እንዲሁ ገና ያከራክራል። ስሜት የነካውን ትውስታ ከማስተናገድ ጋር ብዙ ጊዜ ይያያዛል፤ በእኔ ሚዛን ግን ለትምህርት ዓይነቱ ትውስታ ጠንካራው ማስረጃ ያለው በጥልቁ እንቅልፍና በእንዝርቶቹ በኩል ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ሁለት ሌሊት እንመለስ። አራት ነገሮች ተደራርበው ነው የጎዱዎት።

የመጀመሪያው ሲጽፉ ብዕሩ ደክሞ ነበር። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የተባለ ኬሚካል በአንጎል ይከማቻል፤ የእንቅልፍ ጫና የምንለው በአብዛኛው እሱ ነው። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው በንቃት ፈተና ላይ የሚያስመዘግበው ውጤት በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለው ሰው ጋር ይመጣጠናል። እርስዎ ከዚያ እጅግ አልፈዋል። አንድ ሌሊት ያልተኛ ሰው አዲስ ነገር ሲያይ ሂፖካምፐሱ ከተኛው ሰው ያነሰ እንደሚነቃቃም በአንጎል ምስል ታይቷል። በዚያ ላይ ጥቂት ሰከንድ የሚቆዩ፣ ሰውየው ራሱ የማያውቃቸው ሽው የሚሉ እንቅልፎች ይመጣሉ፤ ዓይን መስመሩ ላይ እያለ አንጎል የለም።

ሁለተኛው፣ «ገባኝ» ያሉት ነገር ምናልባት አልገባዎትም ነበር። አንድን ገጽ ለአራተኛ ጊዜ ሲያነቡት ይቀልላል፤ ቅለቱ ያወቁት ያስመስላል። ፈተና የሚጠይቀው ግን አይቶ መለየትን ሳይሆን ከባዶ አውጥቶ መጻፍን ነው። ሦስተኛው፣ የተጻፈውን የሚያሻግር ሌሊት አልነበረም። አራተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፦ ማስታወስ ራሱ ሥራ ነው። የተቀመጠውን ፈልጎ የሚያወጣው የግንባሩ ክፍል እንቅልፍ ሲያጣ ቶሎ ከሚደክሙት አንዱ ነው። ስለዚህ ከጠፋብዎት ውስጥ አንዳንዱ ተኝተው ሲነሱ ሊመለስ ይችላል፤ ተጽፎ ነበር፣ ያጣው የሚያወጣውን ነው።

ምን ያድርጉ? አጥንተው ሲጨርሱ መጽሐፉን ዘግተው፣ ምንም ሳያዩ፣ ያስታወሱትን ባዶ ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ 10 ደቂቃ ይበቃል። የጎደለውን ብቻ ተመልሰው ያንብቡ። ከዚያ ይተኙ፤ ለአዋቂ ቢያንስ 7 ሰዓት፣ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ከ8 እስከ 10። ጠዋት ተነስተው እንደገና ከባዶ ይጻፉ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ ይድገሙት። አምስት ሰዓትን ባንድ ሌሊት ከመጨረስ በአምስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ማጥናት በብዙ ይሻላል፤ በየመካከሉ ሌሊት አለና።

ጊዜው አልቆ ከሌሊቱ ግማሹን ማጣት ግድ ከሆነብዎት ቀድመው ይተኙና ተነስተው ያጥኑ። ጥልቁ እንቅልፍ በሌሊቱ የመጀመሪያ ሲሶ ይበዛል፣ ሪም ወደ ንጋቱ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝተው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቢነሱ የጥልቁን እንቅልፍ አብዛኛውን አግኝተዋል። ይህ ግን የአንድ ቀን መውጫ ነው፤ በየቀኑ ካደረጉት ጉድለቱ ይጠራቀማል። ማንቂያውን በ90 ደቂቃ ብዜት አስልቶ መሙላት የሚባለውን ይተዉት፤ የእርስዎ ዙር ዛሬ 80 ነገ 105 ሊሆን ይችላል።

ቀን ላይ ማሸለብ ይጠቅማል፤ 20 ደቂቃ ግን ይበቃል። 40 ወይም 50 ደቂቃ ከተኙ ከጥልቁ እንቅልፍ መሃል ሊነሱ ይችላሉ፤ ያኔ ግማሽ ሰዓት ያህል ጭንቅላት ደንዝዞ ይቆያል። ሙሉ ዙር፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ ካገኙ ደግሞ መልካም። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ግን የሌሊቱን እንቅልፍ ይሻማል።

ካፌይን አዴኖሲን የሚቀመጥበትን ወንበር ይይዛል እንጂ አዴኖሲኑን አያጠፋውም። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፤ ሰዎች ግን ይለያያሉ። ከምሽቱ 12 ሰዓት 200 ሚሊግራም የወሰደ ሰው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ 100 ያህሉ አሁንም በደሙ አለ። እንቅልፍ ቢወስደው እንኳ ጥልቅነቱ ይቀንሳል። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፤ በሌሊቱ መጀመሪያ ሪምን ይጨቁናል፣ በኋለኛው ግማሽ እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ቤንዞዲያዜፒን የሚባሉት የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒቶች ዘገምተኛውን ሞገድ ያሳንሳሉ፤ ከዋጧቸው በኋላ የተማሩትን አዲስ ነገር እንዳይያዝም ያደርጋሉ። ለፈተና ሰሞን ከሰው ተበድረው የሚወስዱት አይደሉም። ሐኪም ያዘዘልዎት ከሆነ ደግሞ በራስዎ በድንገት አያቋርጡ፤ ድንገተኛ ማቋረጥ የሚጥል ሕመም ሊያስነሳ ይችላል።

ስለ ድምፁ፦ አዲስ ትምህርት በእንቅልፍ አይገባም። በ1950ዎቹ ቻርልስ ሳይመንና ዊልያም ኤመንስ በኢኢጂ እየተከታተሉ በሌሊት ለተኙ ሰዎች ጥያቄና መልስ አሰምተዋል፤ ሰዎቹ ያስታወሱት ኢኢጂያቸው መንቃትን ባሳየበት ጊዜ የሰሙትን ነበር። በ2007 የወጣ ሌላ ሙከራ ግን አስገራሚ ነገር አሳየ፦ የሥዕሎችን አቀማመጥ የጽጌረዳ ሽታ እየሸተታቸው የተማሩ ሰዎች በጥልቅ እንቅልፍ ላይ ያው ሽታ ሲመለስላቸው ጠዋት የተሻለ አስታወሱ። ሽታው አዲስ ነገር አላስተማረም፤ ቀን የተያዘውን እንዲደገም ቀሰቀሰ። ይህ ግን በቤተ ሙከራ፣ የእንቅልፉ ደረጃ በሽቦ እየታየ የተደረገ ነው። ቤት ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚያወራ ድምፅ ሊያደርግ የሚችለው እንቅልፍዎን መበጣጠስ ነው። ያጥፉት።

ሰዓትዎ የሚለካው የእጅዎን እንቅስቃሴና በብርሃን የሚያነበውን የልብ ምት ነው፤ የአንጎል ሞገድን አያይም። በቤተ ሙከራ አንድ የ30 ሰከንድ ክፍል «ጥልቅ» የሚባለው ቢያንስ አንድ አምስተኛው ከ75 ማይክሮቮልት በሚበልጡ ዘገምተኛ ሞገዶች ሲሸፈን ነው። ሰዓቱ ይህን ከልብ ምት ይገምታል። ስንት ሰዓት እንደተኙ በመጠኑ ይነግርዎታል፤ ደረጃዎቹ ላይ ግን ይስታል። ደግሞም 7 ሰዓት ለሚተኛ አዋቂ ከ10 እስከ 20 በመቶ ጥልቅ እንቅልፍ ማለት ከ42 እስከ 84 ደቂቃ ነው፤ የእርስዎ 45 ከዚያ አልወጣም። በዕድሜም እየቀነሰ ይሄዳል። ቁጥሩን ለማሳደግ መጨነቅ ራሱ እንቅልፍ ይነሳል።

በመጨረሻ ሐኪም የሚያስፈልግባቸውን ነገሮች ልንገርዎት፤ እነዚህ በጥናት ዘዴ አይስተካከሉም። 8 ሰዓት ተኝተው ደክመው የሚነሱ፣ በኃይል የሚያንኮራፉና አብሮዎት ያለ ሰው ትንፋሽዎ ቆም እንደሚል የሚነግርዎት ከሆነ የእንቅልፍ ምርመራ ያስፈልግዎታል፤ ትንፋሽ በቆመ ቁጥር እንቅልፉ ይቆረጣል። በንግግር መካከል ለሰከንዶች ፍዝዝ ብለው ያለፈውን የማያውቁ፣ ወይም ጠዋት ምላስዎ ተነክሶ የሚያገኙት ከሆነ ደግሞ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የሚጥል ሕመም የኤሌክትሪክ ፍንዳታዎች በሸለብታና በቀላሉ እንቅልፍ ላይ ይበልጥ ይታያሉ፤ ሐኪሞች አንዳንዴ «ሳትተኛ አድረህ ና» ብለው ኢኢጂ የሚያነሱት ለዚህ ነው። ያው እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ያስነሳልና፣ የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ ለፈተናም ሆነ ለሌላ ነገር ነቅቶ ማደር የለበትም። ሐኪሙ ጋ ሲሄዱ የሆነውን ያየ ሰው ይዘው ይሂዱ፤ መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ሰከንድ እንደቆየ፣ ዓይንዎ ክፍት ይሁን ዝግ እርስዎ ሊናገሩት የማይችሉትን እሱ ይናገራል፤ ቢቻል በስልክ ቢቀርጸውም ይረዳል።